መስመር ሁለት መቶ አስራ አራት

ይህ የሆነ ነገር ነው። ፈጠራ ነው የምትሉ... እንደፈለጋችሁ። እኔ ግን በዓይኔ አይቼዋለሁ። ይባስ ብሎ በገዛ እጄ ሠርቼዋለሁ።

ማክሰኞ ነበር። ከረፋዱ አራት ሰዓት ከአስር ደቂቃ።

ጨለማ የለም። መብራት አልጠፋም። ፀሐይዋ በመስኮቱ ገብታ ኪቦርዴ ላይ ያለውን አቧራ ሳይቀር ታሳያለች። ቢሮው ውስጥ ሃያ ሰው አለ። አንዱ ያስላል፣ አንዷ ስልክ ይዛ ትስቃለች፣ ማተሚያው እንደ ልማዱ ወረቀት አኝኮ ቆሟል።

የድርጅቱን ስም አልነግራችሁም። የከተማውንም አልነግራችሁም። ለምን እንደሆነ ራሳችሁ ትደርሱበታላችሁ።

ሥራችን መድኃኒት ቤት ለቤት ማድረስ ነው። የደንበኞቻችን ዝርዝር ክላውድ ላይ የተቀመጠ አንድ ትልቅ ሰንጠረዥ ነው። ማለትም ቢሮ ባለ ኮምፒውተር ውስጥ ሳይሆን ኢንተርኔት ላይ ነው ያለው፤ ሊንኩን ያገኘ ሰው ሁሉ ከየትም ሆኖ ይከፍተዋል። ስም፣ ስልክ፣ ሕመም፣ ሕንፃ፣ ፎቅ፣ የበር ቁጥር... ሁሉም እዚያ አለ። የአንድ ሺህ ምናምን ሰው ገመና።

እኔ የመረጃ ደህንነት ሠራተኛ ነኝ። ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ።

"ሊንኩን እንዝጋው፣ የሚያስፈልገው ሰው ብቻ በስሙ ይግባ" እያልኩ ሁለት ዓመት ሙሉ አፌ እስኪደርቅ ለፍልፌያለሁ። ሦስት ደብዳቤ ጽፌያለሁ። ሁለት ጊዜ ስልጠና ሰጥቻለሁ፤ በሁለተኛው ላይ ከመጡት አራት ሰዎች ሁለቱ እንቅልፋቸውን ለጥጠዋል።

"አንተ ደግሞ ታካብዳለህ።" መልሳቸው ይህች ናት። ሌላ መልስ ሰምቼ አላውቅም።

ከሁሉ የባሰው የጋሼ ቁልፍ ነገር ነው።

ጋሼ ቁልፍ የስምሪት ኃላፊያችን ነበር። ሽንት ቤት ሲሄድ እንኳ መሳቢያውን ቆልፎ ስለሚሄድ ነው ቅጽል ስሙን ያወጣንለት። እሱም ወደደውና አካውንቱ ላይ ስሙን "ጋሼ ቁልፍ" ብሎ አስገባው። ከሰባት ወር በፊት ሞተ። ቀብሩ ላይ ነበርኩ። አፈሩ ሲመለስ ቆሜ አይቻለሁ።

አካውንቱ ግን አልሞተም።

ዝርዝሩን መጀመሪያ የከፈተው እሱ ስለነበር ፋይሉ ያለው በእሱ ስም ነው። "አካውንቱ ከተዘጋ ዝርዝሩ አብሮ ይጠፋል" ብለው ፈሩ፤ ስለዚህ ተዉት። መተዉስ ባልከፋ... አምስት ሰው በሟች ፓስወርድ እየገባ ይሠራበታል እንጂ! ፓስወርዱ የት እንደተጻፈ ልንገራችሁ? ማተሚያው ክዳን ስር፣ ቢጫ ወረቀት ላይ። ሁለት ጊዜ ቀድጄ ጣልኩት። ሁለት ጊዜ በአዲስ ወረቀት ተለጥፎ አገኘሁት።

ጨጓራዬ የተላጠው እዚህ ቤት ነው።

አሁን ደግሞ ይህን ሁሉ ለምን የራሴ ጉዳይ እንዳደረግኩት ልንገራችሁ። መስመር ሁለት መቶ አስራ አራት ላይ ያለችው ታናሽ እህቴ ናት።

ስሟ አይደለም የተጻፈው። በሌላ ስም ያስመዘገብኳት ራሴ ነኝ። አስም አለባት፤ ከቤት ግን አትወጣም። ከባሏ... ከቀድሞ ባሏ ነው የተደበቀችው። በመጨረሻው ቀን ሁለት የጎድን አጥንቷን ሰብሮ፣ "የትም ብትሄጂ አገኝሻለሁ" ብሏታል። ከዚያ ወዲህ ሦስት ቤት ቀይራለች። መድኃኒቷን እኔ እንዳላመላልስላት ሰውዬው ዱካዬን ይከታተላል፤ ሁለት ጊዜ ከቢሮ ስወጣ ማዶ ቆሞ አይቼዋለሁ።

አሁን የምትኖርበትን የሚያውቀው እኔ ብቻ ነኝ። እኔ እና ያ ዝርዝር።

ያን ዕለት ጠዋት መድኃኒቷ እንደሚደርሳት ላረጋግጥ ብዬ ዝርዝሩን ከፈትኩ።

ላይኛው ጥግ ላይ ፋይሉን የሚያዩ ሰዎች በትንንሽ ክብ ይታያሉ። የእኔ አለች። አጠገቧ አንዲት ግራጫ ክብ አለች፤ ልብም አላልኳት። ከእሷ ቀጥሎ አረንጓዴ ክብ... ላይዋ ላይ የተጻፈው ስም "ጋሼ ቁልፍ" ይላል።

"እነዚህ ሰዎች መቼም አይሰሙም" አልኩ ለራሴ። ከአምስቱ አንዱ ገብቶበት ነው ብዬ።

በዚያ ስም የገባው ሰው የት እንዳለ የሚያሳየው አረንጓዴ ጠቋሚ ሰንጠረዡ ላይ ቀስ ብሎ ወደ ታች ወረደ። መቶ ሰማንያ... ሁለት መቶ... ሁለት መቶ አስራ አራት።

ቆመ።

ከዚያ ማጥፋት ጀመረ። አንድ ፊደል... ቆም ይላል። ሌላ ፊደል... ቆም ይላል። ሦስተኛው ላይ ትንሽ ያርፋል።

ጋሼ ቁልፍ በሕይወቱ ከአንድ ጣት በላይ ተጠቅሞ ጽፎ አያውቅም። በየሦስት ፊደሉ ቀና ብሎ መነጽሩን ያስተካክል ነበር።

ራሴን ነቀነቅኩ። "ማነው በጋሼ አካውንት የገባው?" ብዬ ጮህኩ።

ሃያ ሰው ቀና ብሎ አየኝ።

አምስቱን አንድ በአንድ ሄጄ ጠየቅኳቸው። አንደኛው ዳቦ እየበላ ነው። ሁለተኛዋ ኮምፒውተሯን ገና አልከፈተችም። ሦስተኛው "እኔ ከመቼ ወዲህ ነው ጠዋት የምሠራው?" ብሎ ሳቀብኝ። ሁለቱ ጭራሽ አልመጡም።

ስመለስ መስመሩ ባዶ ሆኗል። ሕንፃ የለም። ፎቅ የለም። በር የለም።

ደሜ ፈላ። ይህ መስመር ከጠፋ መድኃኒቷ አይሄድላትም። ፋይሉ የቀድሞ መልኩን ያስቀምጣልና አንድ ነገር ጠቅ አድርጌ መለስኩት።

አረንጓዴው ጠቋሚ ለአፍታ ቆመ... የደነገጠ ይመስል። ከዚያ እንደገና ጀመረ። አንድ ፊደል። ቆም። ሌላ ፊደል። ቆም።

እንደገና መለስኩት።

የጋሼን ፓስወርድ ቀየርኩ። በእሱ አካውንት የገባ ሁሉ በዚያች ቅጽበት መባረር ነበረበት። አረንጓዴዋ ክብ ግን ንቅንቅ አላለችም።

ወደ ማተሚያው ሄጄ ክዳኑን አነሳሁ። ቢጫው ወረቀት አለ። ጽሑፉ ግን የለም። አልተቀደደም፣ አልተቀየረም... ንጹህ፣ ባዶ ቢጫ ወረቀት ነው። ጣቴን ባሳርፍበት የብዕሩ ጉድጓድ ይሰማኛል፤ ቀለሙ ግን የለም።

ክዳኑን ቀስ ብዬ መለስኩት።

ወደ አለቃዬ ቢሮ ገባሁ። በስልክ እያወራች ነበር፤ በእጇ "ጠብቅ" አለችኝ። አልጠበቅኩም።

"ሊንኩ አሁኑኑ ይዘጋ። አንድ ሰው ዝርዝሩን እያጠፋ ነው።"

ስልኩን በእጇ ሸፈነችው። "ዛሬ ስንት ማድረሻ እንዳለን ታውቃለህ? አድራሾቹ ሁሉ መንገድ ላይ ናቸው። ሊንኩን ከዘጋህብኝ መድኃኒቱን አንተ በእግርህ ታደርሰዋለህ?"

"አደርሳለሁ።"

"ቀልደኛ ነህ። የጠፋውን መልሰው፣ ሥራህ እሱ አይደል? ከሰዓት እናወራለን።"

ከሰዓት እናወራለን! ሁለት ዓመት ሙሉ ያ ከሰዓት አልደረሰም።

ስመለስ ቴክኒሻኑ ወንበሬ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። የኮምፒውተሮቹን ነገር የሚያውቀው እሱ ነው፤ ከሁሉም የሚሰማኝም እሱ። ፊቱ አመድ መስሏል።

"ና ወዲህ... ድምፅህን ቀንስ።"

"ምን ሆነሃል?"

"የአካውንቱን መዝገብ አየሁት። ጋሼ አካውንት ውስጥ ዛሬ የገባ ሰው የለም።"

"ይኸው እያየኸው!"

"አየሁት አልኩህ እኮ። ግን ከየትኛውም ኮምፒውተር አልገባም። ከየትኛውም ስልክ አልገባም። ለመጨረሻ ጊዜ የተከፈተው..." ማያው ላይ ቀኑን በጣቱ ነካ። "ከሰባት ወር በፊት ነው።"

"እነዚህ አምስቱስ? ሰባት ወር ሙሉ ሲገቡበት ነበር።"

"እሱም የለም። ተጠርጓል።"

ሁለታችንም ማያው ላይ አፈጠጥን። አንድ ፊደል። ቆም። ሌላ ፊደል። ቆም።

"ዝጋው" አልኩት። "አካውንቱን ራሱን ዝጋው፣ ኃላፊነቱን እኔ እወስዳለሁ።"

ዘጋው። "ይህ አካውንት የለም" የሚል ጽሑፍ በዓይናችን አየን።

አረንጓዴዋ ክብ ግን አሁንም አለች። መስመሩም ባዶ ሆነ።

ለሦስተኛ ጊዜ መለስኩት። አሁን ደግሞ ከእኔ በቀር ማንም እንዳይነካው ቆለፍኩት። "እስቲ አሁን አጥፋት!" አልኩ ጮክ ብዬ፤ ከኮምፒውተር ጋር እንደሚጣላ እብድ።

አረንጓዴው ጠቋሚ ቆመ። አልነካም። መስመሩ ጫፍ ላይ ብቻ ብልጭ... ብልጭ... ይላል። ምን ብዬ እንደምነግራችሁ አላውቅም፤ የሚለምነኝ መሰለኝ።

በዚያች ሰከንድ ቴክኒሻኑ ክንዴን ያዘኝ።

"ግራጫዋስ ማናት?"

"የቷ?"

"ከአንተ ጎን የነበረችው። አሁን ወጣች። ገና አሁን።"

ግራጫ ክብ ማለት ስም የሌለው ሰው ነው። አካውንት የሌለው፣ በሊንክ ብቻ የገባ፣ የሚያይ እንጂ የማይጽፍ። ቴክኒሻኑ ወደ ኋላ ሄዶ ፈለገ። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ዝርዝራችን ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ሁለት ሰዓት ሙሉ ዝም ብሎ የሚያይ ሰው።

"ሊንኩ የተላከው ከየት ነው?"

"ከእንግዳ መቀበያ።"

እንግዳ መቀበያ ያለችው ልጅ ሁሉንም ሰው "ማሬ" ስለምትል እኛም ማሬ ነው የምንላት። ሮጬ ሄድኩ። ጥፍሯን እየሞረደች ነበር።

"ማሬ፣ ዛሬ ጠዋት ሊንኩን ለማን ነው የላክሽው?"

"ለአድራሹ ነዋ፣ ማሬ። አዲስ ነኝ፣ ስልኬ ተሰብሮ ሊንኩ ጠፋኝ አለኝ። ውይ፣ እንዴት ያለ ጨዋ ሰው መሰለህ! ሁለቴ ነው ያመሰገነኝ።"

"ስሙን ጠየቅሽው?"

"ምን እጠይቀዋለሁ? አንተን ያውቅሃል እኮ። ስልክህን ሳይቀር በቃሉ ነው የነገረኝ።"

ክው አልኩ።

ስልኬን።

እህቴን ሳስመዘግባት ስሟን ቀየርኩ። ዕድሜዋን ቀየርኩ። ስልክ የሚለው ቦታ ላይ ግን... ማንም እንዳይደውልላት ብዬ የራሴን ቁጥር ጻፍኩ። እኔ! ሰውን ሁሉ ሳስተምር የምውለው እኔ!

ወደ ወንበሬ ተመልሼ ዝርዝሩ መፈለጊያ ላይ ስልኬን ጻፍኩ። አንድ መስመር ብቻ ወጣ።

አድራሽ ነኝ ያለው የእህቴ የቀድሞ ባል ሁለት ሰዓት ሙሉ ስም በስም ሲያስስ ቆይቶ ስሟን አላገኘም። በመጨረሻ ቁጥሬን ሊሞክር ሲል ጋሼ ቁልፍ መስመሯን አጠፋት። ሦስት ጊዜ አጠፋት። እኔ ደግሞ ሦስት ጊዜ መለስኩለት። ሦስተኛውን እንዳይጠፋበት ቆለፍኩለት።

የሚፈልገውን አግኝቶ ወጣ።

ለእህቴ ደወልኩላት። ስልኳ ዝግ ነው። ቀን ቀን ስልክሽን አጥፊ ብዬ የመከርኳት ራሴ ነኝ። የእኔን ምክር የምትሰማ በዓለም ላይ አንዲት ሰው አለች፤ እሷም ዛሬ ባልሰማችኝ ኖሮ አልኩ።

ለማንም ሳልናገር ወጣሁ። መንገዱን እንዴት እንደጨረስኩት አላስታውስም። አራተኛ ፎቅ ደርሼ በሩን አንኳኳሁ።

ከፈተች። ፀጉሯን ፎጣ ጠቅልላዋለች።

"ወንድምዬ? ምን ሆነህ ነው? ላብ በላብ ሆነሃል!"

"ጫማሽን አድርጊ።"

"ምን—"

"አትጠይቂኝ። መድኃኒትሽን ያዢ። በኋላ ደረጃ ነው የምንወርደው።"

ፊቴን አየችና አልጠየቀችኝም። ሦስት ቤት የቀየረች ሴት እንዲህ ያለውን ፊት ታውቀዋለች።

በኋላ በር ስንወጣ ሞተሩን ያላጠፋ ታክሲ ቆሞ ነበር። ዕድል ነው አልኩ። በሩን ከፍቼ ገፍቼ አስገባኋት።

"ሂድልን! ዝም ብለህ ብቻ ሂድ!"

ሹፌሩ ምንም አላለም። ነዳው።

መንገዱ ሕንፃውን ዞሮ በፊት ለፊት በር በኩል ያልፋል። ጭንቅላቷን ተጭኜ አጎነበስኳት። እኔ ግን አየሁት።

ሰውዬው መግቢያው ላይ ቆሟል። ሸሚዙ የተተኮሰ። ዕቃ ለያዙ አንዲት እናት በሩን ከፍቶ አሳለፋቸው፤ ምስጋናቸውንም ጎንበስ ብሎ ተቀበለ። ከዚያ ስልኩን አየ። ወደ መስኮቶቹ ቀና አለ። እንደገና ስልኩን አየ። ነቀነቀው። ጣቱን ደጋግሞ ጎተተበት።

የእኔን ስልክ አውጥቼ ዝርዝሩን ከፈትኩት።

መስመር ሁለት መቶ አስራ አራት ባዶ ነው። ቁልፌን ማን እንደከፈተው አልጠየቅኩም። ሰውዬው ሕንፃውን በቃሉ ይዞታል፤ ፎቁን እና በሩን ግን ረስቷቸዋል። አሥር ፎቅ ያለው ሕንፃ ስር ቆሞ ባዶ መስመር ይጎትታል።

በዚህ ጊዜ አልመለስኩትም። "ጋሼ" አልኩ በሹክሹክታ፣ "ይቅር በለኝ።"

እንባዬ መጣ። አላፈርኩበትም።

ትንሽ ከሄድን በኋላ እህቴ ቀና አለች።

"ማን ነገረው?"

"እኛ" አልኳት።

"እናንተ? ማን ከእናንተ?"

"ሁላችንም።"

መድኃኒቷን አፏ ላይ አድርጋ ሁለቴ ሳበች።

ስልኬ ጮኸ። አለቃዬ ናት።

"የት ነህ አንተ? ዝርዝሩ እየጠፋ ነው! ሁለት መቶ አስራ አምስት ጠፋ፣ አስራ ስድስት ጠፋ... ወደ ታች እየሄደ ነው! ቶሎ መልሰው!"

አየሁት። አረንጓዴው ጠቋሚ አሁን ቆም አይልም፤ እየተጣደፈ ነው። ለምን እንደሚጣደፍ የገባኝ ላይኛውን ጥግ ሳይ ነው። ግራጫዋ ክብ ተመልሳለች፤ ብቻዋንም አይደለችም። አራት ሆነዋል። ዓይኔ እያየ ዘጠኝ ሆኑ። ሃያ ሁለት... አርባ...

ሊንኩ እየዞረ ነው። ማን ለማን እንደሚልከው እግዜር ይወቅ።

"ትሰማኛለህ? መልሰው እኮ ነው የምልህ!"

"አልመልስም" አልኳት።

"ምን አልክ?"

"አልመልስም። ሁለት ዓመት ለመንኳችሁ። አሁን ራሳችሁ አልቅሱበት።" ዘጋሁባት። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ የዘጋሁት ስልክ የለም።

እህቴ ክርኔን ነካችኝ። ዓይኗ መስኮቱ ላይ ነው። በጣም ቀስ ብላ፣ ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ ማለት ይቻላል...

"ወንድምዬ።"

"ወይ።"

"ቤትህን መቼ ነገርከው?"

"ለማን?"

በአገጯ ወደ ፊት አሳየችኝ።

ሹፌሩ ሁለት እጁን መሪው ላይ አድርጎ ይነዳል። ከገባን ጀምሮ አንድ ቃል አልተናገረም። የት ልሂድ አላለንም። ዳቦ ቤቱን አልፏል፣ ድልድዩን አልፏል፣ ጋራዡ ጋ ወደ ግራ ዞሯል። እኔ በየቀኑ የምሄድበት መንገድ ነው።

"አልነገርኩትም" አልኳት።

ከመሪው አጠገብ ስልኩ በመያዣው ላይ ተሰክቷል። በርቷል። ካርታ አይደለም የሚያሳየው። ነጭ ሰንጠረዥ ነው፤ ከላይ እስከ ታች ባዶ የሆነ። መሀሉ ላይ አንድ መስመር ብቻ ተጽፎበታል፤ ጫፉ ላይ አረንጓዴ ጠቋሚ ብልጭ ይላል። ከኋላ ወንበር ሆኜ ላነበው አልቻልኩም።

ሹፌሩ ፍሬቻውን አበራ። ወደ እኔ መንደር ታጠፈ።